ፍንጣሪ ሰውነቱ ውስጥ ያለ የቀድሞ ወታደር ኤምአርአይ ይገባል ወይ? (ደሴ)

ቧንቧ_ውሃ፦
ሰላም ናችሁ ወገን፣ ግራ የገባኝ ነገር አለ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ በሞቴ። አባቴ የቀድሞ ሠራዊት ነው፣ በ1974 በቀይ ኮከብ ዘመቻ ናቅፋ ግንባር በሞርታር ተመቶ አስመራ ታክሞ ነው የዳነው። አሁን ወገቡን ያመዋል፣ ህመሙ ወደ ግራ እግሩ ይወርዳል፣ ጣቶቹ ደንዝዘዋል፣ ሰግዶ ለመነሳት ሰው ይፈልጋል። ሐኪሙ አይቶት የወገብ ኤምአርአይ አዘዘ፣ እኛም ብሩን ከዚህም ከዚያም ለቃቅመን አንድ የግል ቦታ ለሐሙስ ቀጠሮ ያዝን። ትናንት ማታ ጀርባውን ቅባት ሳሸው ከጎድኑ በታች ከቆዳው ስር የሆነ ደረቅ ነገር እጄን ቆረቆረኝ። አባዬ ይሄ ምንድነው ስለው "እሱማ የናቅፋው ነው፣ ተላምደናል" አለኝ እየሳቀ። ለሐኪሙ ነግረኸዋል ወይ? "አልጠየቀኝም!" ወንድሜ ደሞ ኤምአርአይ ማለት ማግኔት ነው፣ ብረቱን ስቦ ያወጣዋል ብሎ እናቴን አስለቀሳት። ቀጠሮ የሰጡን ሰዎች ስም እድሜና ስልክ ጠይቀው ቀብድ ተቀበሉ እንጂ ስለ ብረት ያነሳ የለም። ቀጠሮውን ልሰርዘው ወይስ ወንድሜ ነው የሚያካብደው?

ጦሳ_ግርጌ፦
ወንድምሽ ፊልም ያበዛል ሃሃሃ። አጎቴ ጭኑ ውስጥ ጥይት ይዞ አዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነስቶ በእግሩ ሄዶ ወጥቷል። ይልቅ ቀጠሮው እንዳያልፍባችሁ፣ ሌላ እስኪገኝ ስንት ጊዜ ነው።

ራጅ_ክፍል፦
እህቴ መጀመሪያ ተረጋጊ። ቀጠሮውን አትሰርዢው፣ ግን ዛሬውኑ ደውለሽ "አባቴ ሰውነት ውስጥ የጦር ሜዳ ፍንጣሪ አለ" በያቸው፣ ላዘዘው ሐኪምም ንገሪው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ራዲዮግራፈር ነኝ፣ ራጅና ሲቲ (በራጅ ጨረር ሰውነትን በስስ በስሱ ቆራርጦ የሚያሳየው ማሽን) ላይ ብዙ ሰርቻለሁ፣ ከቀድሞ ወታደሮች ጋር ያልተገናኘሁበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል።

ጦሳ ግርጌ አጎትህ ደህና መውጣቱ ደስ ይላል ግን ለሌላ ሰው ማስረጃ አይሆንም። ጥይትና ፍንጣሪ አንድ አይደለም። ብዙ ጥይት ውስጡ እርሳስ ላዩ መዳብ ነው፣ እሱን ማግኔት አይስበውም። የክላሽ ጥይት ግን፣ ያ 7.62 የሚባለው፣ አብዛኛው ውስጡ የብረት እምብርት አለው፣ ሽፋኑም ብረት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ይሳባል። የሞርታርና የመድፍ ፍንጣሪ ደግሞ የራሱ የቅርፊቱ ስባሪ ስለሆነ ብረት ነው ብለህ ነው የምትጀምረው።

ሲሳብ ምን ይሆናል ለሚለው፣ ስቦ አያወጣውም፣ እናትሽን አረጋጊያቸው። ብረቱ ማግኔቱ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ለመዞር ይሞክራል፣ ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ አንዳንዴም ይሞቃል። ጡንቻ ውስጥ 40 አመት የተቀመጠ ከሆነ ሰውነት ዙሪያውን ጠባሳ ሰርቶ አስሮታል፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ የአጎትህ ነገር እሱ ነው። አይን ውስጥ፣ ጭንቅላት ውስጥ፣ ትልቅ የደም ስር አጠገብ ወይም ህብለ ሰረሰር አጠገብ ከሆነ ግን ትንሽ ፈቀቅ ማለቱ ራሱ ከባድ ጉዳት ነው። አይን ደሞ ጠባሳ ሰርቶ ብረት አይዝም፣ ስንት አመት ቢቆይም ያው ነው። አባትሽ የተመቱት እዛው ጀርባቸው ላይ ነው፣ የሚያማቸውም እዛው ነው። ስለዚህ የት እንዳለ ሳይታወቅ አይገቡም፣ አለቀ።

የት እንዳለ የሚታወቀው በተራ ራጅ ነው። ከፊትና ከጎን፣ ሁለት ፊልም። ብረት ራጅ ላይ ከአጥንት በላይ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ አይደበቅም። ፊታቸው አካባቢም ተመትተው ከነበረ የአይን ጉድጓድ ራጅ ይጨመር። ከዛ ራዲዮሎጂስቱ (ምስሉን የሚያነበው ሐኪም) አይቶ ይወስናል፣ እኔም አንቺም ወንድምሽም አይደለንም የምንወስነው።

አንድ ነገር ልጨምር ሰው ብዙ ጊዜ አይረዳውም፣ ራጅና ሲቲ ጨረር የሚለቁት ቁልፉ ሲጫን ብቻ ነው፣ የኤምአርአይ ማግኔት ግን ሌሊትም በበዓልም አይጠፋም። 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) የሚባለው ከመሬት ማግኔት 30,000 እጥፍ አካባቢ ነው። በ2001 በፈረንጆቹ ኒውዮርክ አካባቢ አንድ የ6 አመት ልጅ ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ እያለ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር ክፍሉ ውስጥ ይዘው ገብተው ማግኔቱ ሲሊንደሩን ጎትቶ ልጁን መትቶ ገድሎታል። በር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ለወግ አይደለም። ሳይጠይቅ የሚያስገባ ቦታ ካጋጠመሽ አባትሽን ይዘሽ ውጪ።

ጦሳ_ግርጌ፦
እሺ አምኛለሁ፣ የክላሹን አላውቅም ነበር። ግን ሐኪሙ ራሱ ለምን አልጠየቀም? የቀድሞ ወታደር መሆናቸው ካርድ ላይ አይጻፍም እንዴ?

የባድመው_91፦
ማን ይጽፈዋል ወንድሜ። ካርድ ክፍል ስምና ቀበሌ ነው የሚጠይቀው፣ ሥራ ካሉም ገበሬ ነኝ ነው መልሱ። የደርግ ሠራዊት በ83 ሲበተን ያስጠይቀኛል ብሎ ወረቀቱን ያቃጠለ አለ፣ የቀበረ አለ፣ ከዛ ወዲህ ወታደር ነበርኩ ሳይል ገበሬ ነጋዴ እየተባለ ያረጀ ስንቱ ነው። ልጄ አባትሽን አትቆጪው። ግንባር ላይ አመመኝ የሚል ሰው ፈሪ ነው የሚባለው፣ ያ አመል ሲቪል ከሆንክም በኋላ አይለቅም። ሐኪም ምን ያምዎታል ሲል ዛሬ ያመመውን ይናገራል እንጂ የናቅፋውን ማን ያነሳል።

ደሞ አጠያየቁም አለ። እኔ ባድመ ላይ ነው የተመታሁት፣ በኋላ ነርሷ "ኦፕራሲዮን ሆነው ያውቃሉ?" ስትለኝ በፍጹም አልኳት። እውነቴን እኮ ነው፣ ፍንጣሪውን ያወጣልኝ የሻለቃችን የህክምና ባለሙያ ድንኳን ውስጥ በምላጭ ነው፣ እሱን ኦፕራሲዮን የሚለው ማነው? ባይሆን "ቆስለው ያውቃሉ ወይ? የት ጋ?" ብላ ብትጠይቀኝ ልብሴን አውልቄ አሳያት ነበር።

ሌላው፣ ኤምአርአዩ የሚፈቀድላቸው ከሆነ ስለ ድምጹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ የራስ ቅል ተነሳ ተብዬ ገባሁ፣ ማንም ምንም አልነገረኝም፣ ጠባብ ነው፣ ፊትህ ላይ የሆነ ክዳን ይገጥማሉ፣ ከዛ ድንገት ዲሽቃ ከጆሮህ ስር እንደተከፈተ ነው የሚንጣጣው። እጄ ላይ የሰጡኝን የጎማ ኳስ ጨምቄ አውጡኝ አልኩ፣ ላብ በላብ ሆኜ። ያ ልጅ (ቴክኒሻኑ) ጎበዝ ነበር አልሳቀብኝም። ውሃ ሰጠኝ፣ ጆሮዬ ላይ ድፍን አደረገልኝ፣ "አባባ አሁን የሚመጣው ድምጽ 4 ደቂቃ ነው፣ ከዛ ዝም ይላል፣ ከዛ ሌላ አይነት ድምጽ ነው" እያለ በማይክ እየነገረኝ ጨረስን። ሲቀጥል እስኪያልቅ ልጄ እግሬን ይዞ ቆመ።

ራጅ_ክፍል፦
ጋሼ ይሄንን ጽሁፍዎን ለሥራ ባልደረቦቼ አሳያቸዋለሁ፣ "ቆስለው ያውቃሉ" የሚለው ጥያቄ ከፎርሙ ሁሉ ይበልጣል። ድምጹ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ስለሚችል የጆሮ መከላከያ የግድ ነው፣ እንደ ውለታ የሚሰጥ አይደለም። ቤተሰብ አብሮ መግባትም ይቻላል ምክንያቱም ኤምአርአይ እንደ ራጅ ጨረር የለውም፣ ግን ገቢውም እንደ ታማሚው ተፈትሾ ነው። ስልክ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ቀበቶ፣ የብረት ምርኩዝ ሁሉ ውጪ ይቀራል። ሰው ሰራሽ እግር ያላቸው (ደሴ ካለው የአካል ማገገሚያ የተሰራላቸው ብዙ አሉ) እግሩን አውልቀው ማግኔት በማይስበው ተሽከርካሪ አልጋ ነው የሚገቡት። አንገት ላይ የሚታሰር ክታብም በብረት የታሸገ ከሆነ ይውለቅ፣ ሲወልቅ ቅር እንዳይላቸው ቤት እያሉ ንገሯቸው።

ኮምቦልቻዊት፦
አላህ ያሽርልሽ እህቴ። እኔ ግን የፈራሁት ሌላ ነው፣ መጀመሪያ ራጅ ከዛ ሲቲ ከዛ ደግሞ ሌላ ሲባል ጨረሩ አይከማችም እንዴ? ጎረቤታችን በየወሩ ደረት ራጅ ታዘዘልኝ ብላ ካንሰር ይይዘኛል ብላ ተወችው፣ የቲቢ ክትትሏንም ጨምራ።

ራጅ_ክፍል፦
ጎረቤትሽ ክትትሏን ትመለስ በሞቴ፣ ቲቢው ነው የሚገድላት ራጁ አይደለም።

በቁጥር ልንገርሽ። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊ ሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። የወገብ ራጅ 1.5 አካባቢ፣ የሆድ ሲቲ ደግሞ 8 አካባቢ ይደርሳል። ማንም ሰው ራጅ ሳይነሳ ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰማይ በአመት የሚያገኘው በአለም አማካይ 2.4 ነው። (ከሰማይ የሚመጣው ከፍታ ሲጨምር ይጨምራል፣ ስለዚህ ሐረጎን ወጥተን ደሴ የምንኖረው ከእናንተ ከኮምቦልቻዎቹ ትንሽ እንበልጣለን ማለት ነው፣ አንዱ የምንበልጥበት ይሄ ነው ሃሃ።) ሲቲ ቀላል አይደለም፣ በየምክንያቱ አይነሱትም፣ እርጉዝ ሴት ከሆነች አስቀድማ መናገር አለባት። ግን ለ65 እና 70 አመት ሰው እግሩ ለደነዘዘበት አንድ ሲቲ ማሰብም የለበትም፣ የሚያገኘው ይበልጣል።

ሐይቅ_ዳር፦
የድሮ ፊልም ካለ ፈልጉ። አባቴ ከምጽዋ ነው የመጣው፣ የቆሰለ ጊዜ የተነሳውን ራጅ በሳጥን ውስጥ ከጋቢ ስር አስቀምጦት ነበር፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ ያንን ፊልም አውጥተን በ2012 ሰኔ የፀሐይ ግርዶሹን ልናይበት! ላሊበላ በኩል ቀለበት ሰርታ ያለፈች ጊዜ። እሱ አይቶን ቁጣው... ያኔ ነው ሰውነቱ ውስጥ ብረት እንዳለ ያወቅነው፣ ፊልሙን ወደ መስኮት አድርጎ "ይሄ ነጩ እኔ ውስጥ ያለው ነው" ብሎ በጣቱ አሳየን። በኋላ ሐኪም ቤት ስንወስደው ያ ፊልም ትልቅ ነገር ሆነ፣ ራዲዮሎጂስቷ አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን አድርጋ ቦታውን አለመልቀቁን አየች።

ራጅ_ክፍል፦
በራጅ ፊልም ፀሐይ ማየት አይን ያጠፋል፣ እንኳን አላያችሁበት። የድሮ ፊልም ግን ወርቅ ነው፣ ለማነጻጸር የሚተካው የለም። ፊልም የሌለው ሰው ደግሞ ካሁን ጀምሮ የሚነሳውን ሪፖርቱን ብቻ ይዞ አይሂድ፣ ምስሉንም በሲዲ ወይም በፊልም ይቀበል። ስልክ ላይ ፎቶ የተነሳ ራጅ ለዘመድ ማሳያ ነው እንጂ ለውሳኔ አይሆንም።

ሰኞ_ገበያ፦
ሁላችሁም ጥሩ ትላላችሁ ግን የማይነገረውን ልናገር። ለጡረተኛ ወታደር ነገሩ ማሽን አይደለም፣ መንገድ ነው። ማሽኑ ተበላሽቷል አዲስ አበባ ሂዱ ሲባል 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ነው፣ ወገቡ የሚያመው ሰው ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ጸሎት ጨርሷል። በ2014 ጦርነት የዚህ አካባቢ ጤና ተቋማት እቃ ተዘርፎ ስንት ጊዜ ነው ሰው ለራጅ እንኳን የተንከራተተው። አባታችንን አንድ ቦታ (ስሙን አልጠራም) ወስደን ከፍለን ተነስቶ ውጤቱ ሲመጣ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ፣ የሚያስረዳ ሰው የለም፣ ምስሉን ስጡን ስንል ሲዲ የለንም። ሌላ ቦታ ስንሄድ እንደገና ተነሱ። እንደገና ክፈሉ ማለት ነው። ጤና መድህን ያላችሁ ደሞ የሪፈር ወረቀቱን ሳትይዙ አትንቀሳቀሱ፣ በራሳችሁ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ነው።

ቆይ ደሞ ሌላ ነገር፣ ሐኪሙ ኤምአርአይ ካለ ኤምአርአይ ነው እንጂ በራጅና በሲቲ ምን ያገኛል? ሰው እኮ ትልቁን ማሽን ካልተነሳ የታከመ አይመስለውም።

ራጅ_ክፍል፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው። ማሽን በትልቅነቱ አይመረጥም፣ በጥያቄው ነው። አጥንት ተሰብሯል ወይ፣ ብረት አለ ወይ ከሆነ ራጅ በቂ ነው። ብረቱ ከየትኛው አጥንት በስንት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ነው ከሆነ ሲቲ ነው፣ ኤምአርአይ ላይ ብረቱ ያለበት ቦታ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ዙሪያውን ያጠፋዋል። ነርቭ፣ ዲስክ፣ ህብለ ሰረሰር ከሆነ ኤምአርአይ የሚስተካከለው የለም፣ ግን ዲስኩን ሲቲም በከፊል ያሳያል። ቆዳ ስር ያለ ፍንጣሪ አልትራሳውንድም ያገኘዋል፣ ርካሽ ነው ጨረርም የለው። እና ማዘዣው ላይ "የወገብ ኤምአርአይ" ብቻ ተጽፎ ሲመጣ እኔ ምን ልፈልግ? "የ70 አመት ሰው፣ በሞርታር ፍንጣሪ የቆሰሉ፣ ወደ ግራ እግር የሚወርድ ህመም" ተብሎ ቢጻፍ ራዲዮሎጂስቱ የሚያየው ሌላ ነው። ሐኪሙን ታሪኩን ጨምርልን በሉት፣ አይቀየምም።

ቧንቧ_ውሃ፦
እግዜርም አላህም ይስጣችሁ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ለግሉ ቦታ ደወልኩ፣ ልጅቷ መጀመሪያ "ምንም አይሆንም ይዘሽው ነይ" አለች፣ የሞርታር ነው ስላት ቆይ ብላ ሌላ ሰው አቀረበች፣ እሱ "ራጅ ሳይነሳ እንዳታመጪው" አለኝ። ቀብዱንም ለሲቲ አዛወሩልን (ስንጨቃጨቅ ቆይተን)። ሐኪሙ ደግሞ ስነግረው ደነገጠ፣ ወዲያው ማዘዣውን ቀይሮ ጻፈ።

ራጁን ተነሳ። ራዲዮሎጂስቱ ጠርቶን ስክሪኑ ላይ አሳየን፣ ወላሂ እናቴ አፏን ይዛ ቀረች። እኔ በእጄ የነካሁት ትልቁ ነው፣ ከሱ ሌላ መቀመጫው ጡንቻ ውስጥ አለ፣ ከአራተኛው የወገብ አጥንት በግራ በኩል ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል አለች። ሐኪሙን ያስፈራው እሷ ነች፣ ነርቩ ከሚወጣበት ጋር ቅርብ ስለሆነች ከውጪ ትሁን ከውስጥ ራጅ አይለይም አለ። ሲቲ ሲነሳ ከአጥንቱ ውጪ ጡንቻ ውስጥ ነች፣ ህብለ ሰረሰሩን አትነካም። ብረቱ አካባቢ ነጭና ጥቁር መስመር እየተረጨ ምስሉን ያበላሸዋል፣ እሱን አልፎ ነው የሚያነቡት። ህመሙ ግን ከናቅፋው አይደለም! አራተኛውና አምስተኛው መሀል ያለው ዲስክ ወጥቶ የነርቭ መውጫው ጠቧል፣ የእድሜና የሸክም ነው አለን። አባቴ ይሄን ሲሰማ "ያን ሁሉ አመት በከንቱ ስጠረጥራት" አለ፣ ምስር የምታህለውን ማለቱ ነው። ለጊዜው ኤምአርአይ አያስፈልግም፣ መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ ጀምሯል፣ ካልተሻለው ኦርቶፔዲክ (የአጥንት ሐኪም) ያየዋል ተብሏል።

ራጅ_ክፍል፦
በጣም ደስ ይላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ሽንት ማቆም ወይም መቆጣጠር ካቃታቸው፣ መቀመጫቸው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግራቸው በድንገት ካልታዘዘ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል። ሲቲው ላይ ምስሉን የሚያጎላውን መድኃኒት በደም ስር ሰጥተዋቸዋል እንዴ?

ቧንቧ_ውሃ፦
አልሰጡትም፣ ለአጥንትና ለዲስክ አያስፈልግም አሉን። ስኳር ስላለበት ግን የኩላሊት ምርመራ ወረቀቱን ይዘን ነበር።

ራጅ_ክፍል፦
ጎበዝ። ያ አዮዲን ያለበት መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራው) ሳይታይ አይሰጥም፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱም ከሆነ መናገር አለባቸው።

ገራዶ_በር፦
ዘግይቼ ነው የደረስኩት፣ ለኔም አንድ ነገር። እኔ የአሁኑ ጦርነት ቁስለኛ ነኝ፣ ጭኔ ውስጥ ብረት ተገጥሞልኛል ሳህንና ብሎን። ጉልበቴን ኤምአርአይ ታዝዣለሁ፣ እኔም አልገባም ማለት ነው?

ራጅ_ክፍል፦
አይደለም ወንድሜ፣ ያንተ ሌላ ነው። ኦፕራሲዮን ላይ የሚገጠመው ብረት አብዛኛው ታይታኒየም ወይም ማግኔት የማይስበው ስቲል ነው፣ አጥንት ላይም በብሎን ታስሯል። ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጠህን ወረቀት ይዘህ ሂድ፣ ምን አይነት እንደሆነ ተጽፎበት ሊሆን ይችላል። ከቆዳ ውጪ የሚታሰረው ብረት ከሆነ ግን ጠይቀህ ነው። ከተገጠመው ሌላ የቀረ ፍንጣሪ ካለህ እሱንም ለየብቻ ተናገር።

የባድመው_91፦
ራጅ ክፍል አንተ ልጅ፣ እኔም ልጠይቅህ እንጂ። ግራ ጉልበቴ ውስጥ የክላሽ እርሳስ አለ፣ ያኔ ይቀመጥ ብለውኝ ነው የተውት። ብርድ ሲሆን ያብጣል። አሁን አሁን ሆዴንም ይቆርጠኛል ግን እሱ ከጉልበት ጋር ምን አገናኘው።

ራጅ_ክፍል፦
ጋሼ ሊገናኝ ይችላል። ጡንቻ ውስጥ የተቀመጠ እርሳስ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለ ግን በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀስ እያለ እየሟሟ ደም ውስጥ ይገባል፣ የክላሹም በብረት እምብርቱና በሽፋኑ መሀል ስስ እርሳስ አለው። የሆድ ቁርጠት፣ ድካም፣ የደም ማነስ ያመጣል። የሆድ ቁርጠት በሌላ በብዙ ነገርም ይመጣል ስለዚህ አይደናገጡ፣ ግን የጉልበት ራጅ ከፊትና ከጎን ይነሱና ኦርቶፔዲክ ይይዎት፣ በደም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ይለካልኝ በሏቸው። እዚህ የማይሰራ ከሆነ ናሙናው ሊላክ ይችላል።

የባድመው_91፦
ማክሰኞ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ካልጠየቀኝ ራሴ እነግረዋለሁ።

ራጅ_ክፍል፦
ደረቅ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፣ የት ተመቱ፣ በምን፣ መቼ፣ ምን ወጣ ምን ቀረ። ካርዱ ላይ እንዲያያይዙት ይስጧቸው።